ሰፈሩ ስንት ኮረንቲ ይበላል? መቼስ ነው የሚበላው? የደንበኞችን የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከዜሮ ተነስቶ ማጥናት

ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ፣ 5150 ሜጋዋት፣ እሰየው ነው። ግን የበዓል ዋዜማ ላይ ሰፈር ውስጥ መብራት ድርግም የሚለው ብዙ ጊዜ ውሃ አንሶ አይደለም፣ ፖሉ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ስር ስንት ቤት በስንት ሰዓት ምጣድ እንደሚሰካ ማንም ቆጥሮት ስለማያውቅ ነው። ይሄን ቆጠራ ነው እንግዲህ ሎድ ሪሰርች የሚሉት፣ ሎድ ማለት በአንዴ የሚሳበው የኮረንቲ መጠን ነው። እኛ ሀገርም ሆነ ሌላ እንደኛ ያለ ሀገር ያለ የመብራት ድርጅት ደንበኛው በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደበላ ያውቃል፣ ቢሉ ይነግረዋላ፣ መቼ እንደበላው ግን አያውቅም። ትራንስፎርመር የሚያቃጥለው ደግሞ ወርሃዊ ድምሩ ሳይሆን "መቼ" የሚለው ነው።

ይሄን የምጽፈው ለዲስትሪክት ኢንጂነሮች፣ ለማስተርስ ተማሪዎችና ሚኒግሪድ (ለአንድ መንደር ብቻ የሚሆን ትንሽ የመብራት መረብ) ለሚሰሩ ልጆች ነው። ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፣ ኤክሴል የሚችል ሰው፣ ጥቂት ሎገር (ፍጆታን በየደቂቃው እየመዘገበ የሚያስቀምጥ መሳሪያ) እና ሰፈሩን አብጠርጥሮ የሚያውቅ አንድ ላይንማን (ፖል ላይ ወጥቶ መስመር የሚጠግን ሰራተኛ) ካላችሁ ይበቃል። ከሦስቱ ደግሞ ላይንማኑ ነው ዋናው፣ ቀልድ አይደለም።

1. መጀመሪያ ጥያቄያችሁን አንድ አድርጉት

ለታሪፍ ነው የምታጠኑት? ለትራንስፎርመር መጠን? ለአስር ዓመት ትንበያ? ለታሪፍ ከሆነ የደንበኛ ክፍሎችን ነው የምታወዳድሩት (መኖሪያ፣ ንግድ፣ ኢንዱስትሪ)፣ ለትራንስፎርመር ከሆነ ግን አንድ ሰፈር ውስጥ የስንት ቤት ፍጆታ በአንድ ሰዓት ላይ እንደሚደራረብ ነው የምታዩት። ሁሉንም በአንዴ እናጥና ያለ ሰው አንዱንም ሲጨርስ አላየሁም። እኔ እዚህ የትራንስፎርመሩን መንገድ ነው የምከተለው።

2. ቢሉን አውጡና ጠርጥሩት

የ24 ወር የቢል ዳታ ጠይቁ፣ 12 ወር አይበቃም፣ ምክንያቱም ፋሲካና የሙስሊም በዓላት ከዓመት ዓመት ቦታ ይቀያየራሉ፣ ሁለት ዓመት ካያችሁ ግን ወቅቱን ከበዓሉ መለየት ትችላላችሁ። ከዛ ከመተንተናችሁ በፊት አጽዱት።

ተመሳሳይ ቁጥር ሦስት አራት ወር ከተደጋገመ አንባቢው ግቢው ድረስ አልሄደም ማለት ነው፣ ግምት ነው የተሞላው። ቀጥሎ ባለው ወር ድንገት ትልቅ ቁጥር ከመጣ ደግሞ የተጠራቀመው ነው የወጣው፣ ስለዚህ ያንን ትልቅ ቁጥር ወደኋላ ለወራቱ አካፍሉት እንጂ "ደንበኛው ፍጆታው ጨመረ" ብላችሁ እንዳትጽፉ። ካርድ ቆጣሪ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ የምታዩት የተገዛበትን ቀን ነው እንጂ የተበላበትን አይደለም፣ ደሞዝ ሲወጣ የሁለት ወር የሚሞላ አለ፣ በየሳምንቱ የሚሞላም አለ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ በሁለት ግዢዎች መካከል ያሉትን ቀኖች ቁጠሩና የመጀመሪያውን ግዢ ለቀኖቹ አካፍሉት፣ ለአንድ ግዢ ልክ አይመጣም፣ በብዙ ግዢ ግን ይስተካከላል።

ወሩም የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ አረጋግጡ። ጳጉሜ የማን ወር ላይ እንደተደመረች ካላወቃችሁ ነሐሴ ወይ መስከረም ላይ የሌለ ጭማሪ ታያላችሁ።

3. ከአንድ ቆጣሪ ጀርባ ስንት ቤት አለ?

ይሄን ለብቻው ያወጣሁት ብዙ ጥናት እዚህ ጋ ስለሚሳሳት ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አከራይ ከፊት፣ ከኋላ አምስት ስድስት ሰርቪስ ቤት፣ ሁሉም በአንድ ቆጣሪ። ሲስተሙ ላይ ይሄ "አንድ መኖሪያ ቤት ደንበኛ፣ 480 ኪሎዋት ሰዓት" ሆኖ ነው የሚታየው፣ እናንተም "ሀብታም ቤት ነው" ትላላችሁ፣ እውነቱ ግን እያንዳንዳቸው 80 የሚበሉ ስድስት ደሃ ቤተሰቦች ናቸው። ታሪፉ በእርከን ስለሚወጣና የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ እነዚህ ሰዎች ተደምረው የሀብታሙን ዋጋ ይከፍላሉ፣ ይሄ እንግዲህ ሌላ ወሬ ነው።

ለጥናቱ ግን ሁለት ቁጥር ያዙ፣ የቆጣሪ ብዛት እና የምድጃ ብዛት። "በዚህ ግቢ ስንት ቤተሰብ ለብቻው ያበስላል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ "ስንት ሰው ይኖራል" ካላችሁ ግን አከራዩ የቀበሌ ወይ የገቢዎች ሰው መስላችሁት ዝም ይላል።

4. ሳምፕል

ሁሉም ቤት ላይ ሎገር መስቀል አትችሉም፣ ስለዚህ ትመርጣላችሁ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ የመብራት ድርጅቶች ህጋቸው (ፐርፓ) በኋላ የለመዱት መለኪያ በ90 ከመቶ እርግጠኝነት፣ ከ10 ከመቶ ባልበለጠ ስህተት የሚል ነው፣ እኛም በዛው እንሂድ። ስሌቱ፣ የደንበኞቹ ፍጆታ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተን ከቢሉ ታወጣላችሁ፣ መበታተኑ የአማካዩ 0.6 ያህል ነው እንበል፣ 1.645ን (የ90 ከመቶ እርግጠኝነት ቁጥር ነው) በ0.6 አባዙ፣ በ0.1 (10 ከመቶው ስህተት) አካፍሉ፣ የወጣውን በራሱ አባዙ፣ ወደ 98 ቤት ይመጣል። መበታተኑ 1 ከሆነ 271 ይሆንባችኋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ በፍጆታ መጠን ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብላችሁ ከፍላችሁ ከእያንዳንዱ የምትመርጡት፣ በየክፍሉ ውስጥ መበታተኑ ስለሚያንስ በትንሽ ሎገር ትድናላችሁ። ትልልቆቹን ደግሞ (ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ብየዳ፣ ሆቴል) ሳምፕል ምናምን ሳትሉ ሁሉንም ለኩ፣ ጥቂት ናቸው፣ ግን አንዱ ወፍጮ ሲነሳ የሰፈሩን ሎድ መልክ ይቀይረዋል።

20 ከመቶ ተጠባባቂ አብራችሁ አውጡ። እምቢ ያለውን ደንበኛ ከዛው ክፍል ባለ ተጠባባቂ ተኩት፣ ጎረቤቱ እሺ ስላለ ወይ ግቢው ለመኪና ስለሚመች ጎረቤቱን እንዳታስገቡ። የድርጅቱን ሰራተኞች ቤትም ተዉት፣ ቢቀላቸውም።

5. ትራንስፎርመሩን በእግር

ደንበኛው ከየትኛው ትራንስፎርመር እንደሚወስድ ሲስተሙ ላይ ከተጻፈ እድለኛ ናችሁ፣ ብዙ ቦታ ወይ የለም ወይ ድሮ ተጽፎ ከዛ በኋላ መስመሩ ተቀይሯል። ላይንማኑን ይዛችሁ ፖል በፖል ሂዱ፣ እያንዳንዱ ቤት በየትኛው ፌዝ (ከትራንስፎርመሩ ከሚወጡት ሦስት ኮረንቲ ያላቸው ሽቦዎች አንዱ) ላይ እንደሆነም ጻፉ። ለምን ፌዝ? 200 ኪሎቮልትአምፒር ትራንስፎርመር በአንድ ፌዝ 289 አምፒር አካባቢ ነው የሚሰጠው፣ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ደግሞ ወደ 16 አምፒር ይስባል፣ ስለዚህ አንድ ፌዝ ላይ 18 ምጣድ ብቻ ነው የሚችለው። ሌሎቹ ሁለት ፌዞች ባዶ ቢሆኑም 19ኛው ሲሰካ ያኛው ፌዝ ከልኩ በላይ ነው። "ትራንስፎርመሩ ግማሽ ሎድ ላይ ነው፣ ግን ፊውዝ ይበጥሳል" የሚባለው እንቆቅልሽ ብዙ ጊዜ መልሱ ይሄ ነው።

6. ሎገር መስቀል

በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ ይሁን፣ ቢቻል በየ5። የደቡብ አፍሪካው ብሔራዊ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2014 ቤቶችን በየ5 ደቂቃው ነበር የመዘገበው፣ የዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ዲዛይናቸውም ከዛ ዳታ ብዙ ተጠቅሟል። በየሰዓቱ ብቻ ከመዘገባችሁ 20 ደቂቃ የሰራ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 1.2 ኪሎዋት መስሎ ይታያል፣ ስቶቭ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

ከረንት ብቻ ሳይሆን ቮልቴጅም ይመዝግብ፣ ይሄን ካልሰማችሁኝ ቁጥር 8 ላይ ታለቅሳላችሁ። ሲቲ (ሽቦው ላይ የሚታቀፈው መለኪያ) ስትሰቅሉ አቅጣጫውንና የሬሾ ቁጥሩን ፎቶ አንሱ፣ 200 ለ5 የሆነውን 100 ለ5 ብሎ መዝግቦ ሦስት ወር ግማሽ ሎድ ያነበበ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱ ያነበዋል።

ጊዜውን ቢያንስ አንድ ጾም፣ አንድ ትልቅ በዓል፣ አንድ ተራ ወር እንዲነካ አድርጉት። ሁለት ሳምንት ለክቶ ስለ ዓመት ማውራት አይሆንም።

እና ሰዓቱ! የኛ የመጀመሪያ ጥናት ላይ የማታው ፒክ (ሎዱ ጣራ የሚነካበት) ቀን 10 ሰዓት ላይ ወጣልን። እኛም አላፈርንም፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቲቪ ይከፍታሉ፣ እናቶች እራት ይጀምራሉ ብለን ቆንጆ ምክንያት ሰራንለት፣ ስላይድ ሁሉ ላይ ገባ። በኋላ የመንገድ መብራት ላይ የተሰቀለውን ሎገር ሳይ መብራቱ በጠራራ ፀሐይ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይበራል! ለካ ሎገሮቹ ሲመጡ በግሪንዊች ሰዓት ነው የተሞሉት፣ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ቀርተዋል፣ ፒኩ እንደማንኛውም ሰፈር ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። ከዛ ወዲህ አንድ ሎገር ሁልጊዜ የመንገድ መብራት ላይ እሰቅላለሁ፣ ፀሐይ አትዋሽም።

7. ቤት ውስጥ ገብቶ መጠየቅ

ሎገሩ 3.5 ኪሎዋት ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይላል፣ ምጣድ ይሁን የውሃ ማሞቂያ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ አጭር መጠይቅ፣ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ከተቻለ ምጣዱን የምትይዘውን ሰው ነው የምትጠይቁት፣ አባወራው ቡናው ሲፈላ ቁጭ ብሎ ቢመልስላችሁም እንጀራ በስንት ቀን እንደሚጋገር እርግጠኛ አይደለም።

ጥያቄዎቹ፣ እንጀራ ትጋግራላችሁ ወይስ ትገዛላችሁ? በስንት ቀኑ? በየትኛው ሰዓት? (መልሱን በኛ ሰዓት ጻፉ፣ ቢሮ ስትገቡ ነው የሚቀየረው፣ ሜዳ ላይ አእምሮ ውስጥ ስድስት መደመር ስህተት ይጋብዛል።) መብራት ሲጠፋ በምን ታበስላላችሁ፣ ከሰል፣ እንጨት፣ ሲሊንደር? በጾም ወቅት ምን ይቀየራል? በቅርቡ ምን ልትገዙ አስባችኋል? የመጨረሻዋ ለትንበያ ወርቅ ናት፣ በተለይ መንግስት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከከለከለ ወዲህ ግቢ ውስጥ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው እየበዛ ነው፣ አንድ መኪና ማታ ሙሉ ሲሞላ ለሰፈር ትራንስፎርመር ቀላል እንግዳ አይደለም።

ተከራዩን ደግሞ እንዲህ በሉት፣ "ምጣድና ስቶቭ ይፈቀድላችኋል?" የኪራይ ነገር ታውቃላችሁ፣ "ምጣድ አይቻልም፣ ካውያ አይቻልም"። እንዲህ ያለ ቤት በወር 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ ፍላጎቱ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፣ ታግዶ ነው። ነገ የራሱ ቆጣሪ ቢገባለት በማግስቱ ምጣድ ይገዛል፣ ትንበያችሁም በአንድ ሌሊት ይፈርሳል። ስለዚህ "አነስተኛ ተጠቃሚ" እና "የታገደ ተጠቃሚ" ብላችሁ በሁለት ኮድ መዝግቡ።

ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ስም ከዳታው ላይ አንሱና ኮድ ስጡ። የ15 ደቂቃ ዳታ ቤቱ መቼ ባዶ እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፣ ፍላሽ ላይ ተደርጎ ካፌ የሚረሳ ነገር አይደለም።

8. መብራት የጠፋበት ሰዓት

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ ላይ ዜሮ ማለት ደንበኛው አልተጠቀመም ማለት ነው። እኛ ጋ ዜሮ ሁለት ትርጉም አለው፣ አልፈለገም፣ ወይም ፈልጎ አጥቷል። ለዛ ነው ቮልቴጅ ይመዝገብ ያልኩት፣ ቮልቴጅ አለ ከረንት ዜሮ ከሆነ ቤቱ ተኝቷል፣ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ መብራት የለም። ሁለተኛውን "ዜሮ" ብላችሁ አማካይ ውስጥ ካስገባችሁ ብዙ የሚጠፋበት ሰፈር ትንሽ ፍላጎት ያለው ይመስላል፣ ትንሽ ፍላጎት ስላለው ትንሽ ትራንስፎርመር ይሰጠዋል፣ ትንሽ ስለተሰጠው የባሰ ይጠፋበታል። ድርጅት እንዲህ ራሱን ሲሸውድ ዓመታት ያልፋሉ።

የጠፋበትን ሰዓት ባዶ አድርጉት፣ ከዛ ባለፉት አራት ሳምንታት በዛው ቀንና በዛው ሰዓት መብራት እያለ የተመዘገበውን አማካይ ሙሉበት። ረቡዕን በረቡዕ፣ አርብን በአርብ፣ የጾም ሳምንትን በጾም ሳምንት። መብራት በመጣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት የተመዘገበውን ግን ለመሙያ አትጠቀሙ፣ ያኔ ሁሉም በአንዴ ስለሚሰካ ነው። ቮልቴጅ የሚመዘግብ ከሌላችሁ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ መዝጋቢም አለ፣ ጋና አክራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እንዲህ አይነቱን ቤት ለቤት እየሰኩ መብራት የሚጠፋበትን ከተማ አቀፍ መረጃ ሰብስበዋል።

የወረደ ቮልቴጅም እንዲሁ ይሸውዳል። ምጣድ ሙቀት ብቻ ስለሆነ ኃይሉ በቮልቴጁ ስኩዌር (ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ) ነው የሚወርደው፣ 220 መሆን ሲገባው 180 ከደረሰ 3.5 ኪሎዋቱ 2.3 ይሆናል። ሎገሩ "ሎዱ ቀነሰ" ይላል፣ እናታችን ግን ምጣዱ አልግል ብሏት አንዷን እንጀራ ከወትሮው ሁለት እጥፍ ትጠብቃለች። ስለዚህ ምጣዱ ረጅም ሰዓት ተሰክቶ ይቆያል፣ ከጎረቤት ጋር መደራረቡም ይጨምራል። ቮልቴጁ ከ200 በታች የሆነባቸውን ሰዓታት ለብቻ ምልክት አድርጉ።

9. የምጣድ ሂሳብ

አሁን እናስላ። 100 ቤት ያለው ትራንስፎርመር እንበል፣ እያንዳንዱ ቤት በሦስት ቀን አንዴ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይጋግራል። በቀን 33 ቤት ሲጋግር ወደ 50 የምጣድ ሰዓት ይሆናል፣ ይሄ ከጠዋት እስከ ማታ 14 ሰዓት ላይ ከተበተነ በአማካይ አንዴ የሚበራው ሦስት አራት ምጣድ ነው፣ 12 ኪሎዋት አካባቢ። ምንም አይደለም።

የበዓል ዋዜማ፣ 80 ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል ይጋግራል፣ 200 የምጣድ ሰዓት። ቀኑን ሙሉ መብራት ካለና በ10 ሰዓት ውስጥ ከተበተነ 20 ምጣድ፣ 70 ኪሎዋት፣ አሁንም ይቻላል። አሁን ደግሞ "በዓል ነው፣ ሎድ በዝቷል፣ በፈረቃ እናርገው" ተብሎ መብራቱ ለ4 ሰዓት ብቻ ይምጣ። ያው 200 የምጣድ ሰዓት በ4 ውስጥ፣ 50 ምጣድ በአንዴ፣ 175 ኪሎዋት! ቅድም ያየነው ባለ 200ው ትራንስፎርመር ሦስቱም ፌዝ እኩል ቢካፈሉ እንኳ 54 ምጣድ ነው የሚችለው፣ መብራቱ፣ ስቶቩ፣ ፍሪጁ ሳይቆጠር። ፊውዙ ይበጠሳል፣ ሰዉም "መብራት ኃይል በዓል ሲሆን ሆን ብሎ ነው" ይላል፣ ፈረቃው ራሱ እንደበጠሰው ግን ማንም አያስብም። እናንተ ይሄን ሂሳብ በራሳችሁ ዳታ ሰርታችሁ ለኦፕሬሽን ክፍሉ ብታሳዩ፣ ለዚህ ጥናት ሌላ ጥቅም ባይኖረው እንኳ በቂ ነው።

ከዛ የተለመዱትን አውጡ፣ ሎድ ፋክተር (አማካዩ ለፒኩ ሲካፈል፣ ቀኑን በአማካይ 3.6 ሜጋዋት የሚሄድ ፊደር፣ ማለትም ከማከፋፈያ ጣቢያ ወጥቶ ብዙ ትራንስፎርመር የሚመግብ መስመር፣ ፒኩ 6 ከሆነ 0.6)፣ እና በአንድ ቤት የሚደርሰው የተደራረበ ፒክ፣ ማለትም የትራንስፎርመሩ ፒክ ለቤተሰብ ብዛት ሲካፈል። ለቆጣሪ ብዛት አይደለም! ቁጥር 3ን አስታውሱ። ተራ ቀን፣ በዓል ዋዜማ፣ መብራት የመጣበት ሰዓት ብላችሁ ሦስት የተለያየ ቁጥር ጻፉ፣ ሦስቱን አማካይ አርጋችሁ አንድ ቁጥር የሰጣችሁ ቀን ስራው ከንቱ ነው።

10. ከፊደሩ ጋር ማስታረቅ

የየክፍሉን አማካይ በደንበኛ ብዛት አባዙና ደምሩ፣ ከዛ ሰብስቴሽን (ማከፋፈያ ጣቢያ) ላይ ካለው የ15 ኪሎቮልት ፊደር ንባብ ጋር በየሰዓቱ አስተያዩ። አይገጥምም፣ አትደንግጡ። ልዩነቱ የመስመር ብክነት፣ ቆጣሪ የሌለው የመንገድ መብራት፣ ጠለፋ እና የናንተ ስህተት ተደማምሮ ነው። የመስመር ብክነት በሎዱ ስኩዌር ስለሚያድግ ማታ ጎላ ይላል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ልዩነቱ ሳይቀንስ ዝም ብሎ የሚቆይ ከሆነ ግን የማይለካ ቋሚ ሎድ አለ፣ ላይንማኑን ጠይቁት፣ የት እንደሆነ ያውቃል፣ ሪፖርት ላይ ግን የሱን ስም እንዳትጽፉ።

ሎገሮቹን ከማውረዳችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሰዓት ከስልካችሁ ጋር አስተያይታችሁ ልዩነቱን በደቂቃ ጻፉት፣ አንዳንዱ በሦስት ወር ውስጥ ሩብ ሰዓት ስቶ ታገኙታላችሁ። የቤቱን ሰውም አመስግኑ፣ የራሱን የቤት ግራፍ በአንድ ገጽ አትማችሁ ስጡት። አንዷ እናት ግራፉን አይታ "ይቺ ሌሊት የምትቆመው ምንድነች?" አለችን፣ ጓዳ ውስጥ የተረሳ አሮጌ የውሃ ማሞቂያ ነበር።